ግልባጭ የሌለው ሰው

ገርጂ ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነው፤ ያውም በፈረቃ። ባለፈው ክረምት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቧንቧው ሲያስል ሰምቼ ተነሳሁ። መብራት የለም። በስልኬ እያበራሁ በርሜሉ ሞላ አልሞላ ብዬ ጎንበስ ስል፣ ከጣቴ ሾልኮ ገባ። በርሜሉ ሥር ሆኖ ትንሽ አበራና ድርግም አለ።

ጠዋት መገናኛ ወስጄ ለአንድ ሞባይል ሠሪ ሰጠሁት። ልጁ ከፍቶ በጥርስ ብሩሽ ሲፈገፍገው ቆየና «ፋዘር፣ ቦርዱ ሄዷል። ባካፕ ነበረዎት?» አለኝ። ፋዘር ማለቱን ቻልኩት። ባካፕን ግን በሽታ መስሎኝ «የለብኝም፣ ያለብኝ ስኳር ብቻ ነው» አልኩት።

ለካ ግልባጭ ነበረዎት ወይ ማለቱ ነው። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ እኮ! ከእጄ የወጣ ደብዳቤ ሁሉ ግርጌው ላይ «ግልባጭ» ነበረው፤ ለሥራ አስኪያጅ፣ ለሂሳብ ክፍል፣ ለፋይል። በካርቦን ጣቴ እንደጠቆረ ነው ጡረታ የወጣሁት። ለአንድ ጠርሙስ ቀለም ግዢ አራት ግልባጭ ያስቀመጥኩ ሰው፣ የትንሹ የልጅ ልጄ የክርስትና ፎቶ በርሜል ውስጥ ቀረብኝ።

ትልቋ የልጅ ልጄ ከሲኤምሲ መጣች። «አባባ፣ አይጨነቁ፣ ሲም ካርዱ ተርፏል» ብላ አዲስ ስልክ ላይ ከተተችው። ቴሌግራም መልእክቱን ራሱ ዘንድ ስለሚያስቀምጥ፣ ቁጥሬን አስገብታ ኮዱ ሲመጣ የዕድሩ ግሩፕ ዱብ አለ፤ ያልከፈልኩት የሦስት ወር መዋጮ ሳይቀር። ዋትስአፕ ግን አስቀድሞ ወደ ጉግል ካልተላከ ባዶውን ነው የሚመጣው፤ አሜሪካ ያለችው ልጄ የላከችልኝ ድምፅ በሙሉ ሄደ። ሲሙ ላይ ደግሞ የድሮ ስልክ ቁጥሮች ተገኙ። የግማሾቹን ባለቤቶች እኔው ራሴ ቀብሬያቸዋለሁ።

«ከእንግዲህ ሌሊት ቻርጅ ላይ ሆኖ ዋይፋይ ሲያገኝ ራሱ ደመና ላይ ይገለብጣል» አለችኝ። ሐምሌ ነው፤ ቦሌ ላይ የደመና እጥረት የለም፣ እሺ አልኩ። ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው አሉ፤ አይፎን ለያዘ አፕል የሚሰጠው 5 ብቻ። የእኔው ገና ሳይጠባ ሞላ። በምን? ዘመዶቼ በየጠዋቱ በዋትስአፕ በሚልኩልኝ ጽጌረዳና እርግብ! ደመናው እኮ ይህንንም እየለቀመ ነው የሚያስቀምጠው። በእኛ ጊዜ የሚቀመጠውንና የሚቀደደውን የሚለይ ሰው ነበር፤ ደመወዝም ይከፈለው ነበር።

እሷ ደግሞ ሕግ አላት። ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጥ፣ አንዱ ከቤት ውጪ ይሁን። ስለዚህ አዲሱ ስልክ ላይ ያለው ፎቶ ፍላሽ ላይም፣ የእሷ ኮምፒውተር ላይም ተገለበጠ። አዲስ ነገር የነገረችኝ መስሏታል። የገዳማቱ ብራናዎች እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም ሲነሱ፣ አንዱ ግልባጭ እዚህ ቀርቶ ሌላው ሚኒሶታ ድረስ አልሄደም እንዴ?

«የደመናው የይለፍ ቃል እንዳይጠፋብዎት፣ ለማንም እንዳይሰጡ» ብላኝ ሄደች። በሕጓ መሠረት ዋናውን ዳዊቴ ውስጥ ሸጎጥኩ። ሁለተኛውን የቀን መቁጠሪያው ጀርባ ለጠፍኩ። ሦስተኛው ከቤት ውጪ መሆን ስላለበት፣ በፖስታ አሽጌ ለዕድራችን ጸሐፊ አስፈርሜ አስረከብኩ።

ጸሐፊያችን ጠንቃቃ ሰው ነው። ማታ ደወለልኝ። «እንዳይጠፋ ብዬ ፎቶ አንስቼ ግሩፑ ላይ አስቀምጬልዎታለሁ» አለኝ።