የአቶ ሁሉ በጄ የሕይወት ታሪክ

እድርተኞች፣ የሲቀላና የሴቻ ወዳጅ ዘመዶች፣ ከዶርዜና ከጨንቻ ደጋ ለቅሶ ሰምታችሁ የወረዳችሁ ሁሉ፣ ሟችን የማያውቅ ከመካከላችን የለም። ካለም ወይ ገበያ ወጥቶ የማያውቅ፣ ወይ ደክሞት የማያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ ደግነታቸውን እየዘረዘርሁ በዚህ በቆላ ፀሐይ አላቆማችሁም። የሟች ደግነት ረጅም ዝርዝር አይወጣውም። ረጅም ዝርዝር የሚወጣው ሌላ ነገራቸው ነው፤ እመጣበታለሁ።

አቶ ሁሉ በጄ፣ በሙሉ ስማቸው «የነርቭ፣ የወገብና የድካም መድኃኒት»፣ ከአባታቸው ከማይታወቅ ሥር፣ ከእናታቸው ከማይነገር ቅጠል ተወለዱ። የተወለዱበት ዘመን አልተመዘገበም። የተመረቱበትም ሆነ የሚያበቁበት ቀን ላያቸው ላይ ተጽፎ አያውቅምና። ዕድሜያቸውን ሁሉ የኖሩት ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ነው። ውሃቸው ከኩልፎ ወንዝ ነው ይባል ነበር። ሚያዝያና ግንቦት ዝናቡ የደጋውን አፈር ጠርጎ ወንዙን ሲያደፈርሰው መድኃኒቱም ይደፈርሳል፤ በጋ ላይ ኩልፎ ሲጠራ መድኃኒቱም ይጠራል ብለው ያሟቸው ክፉ ሰዎች ነበሩ። መድኃኒቱን የሚሸጠው አዟሪ ግን መልስ አያጣም፤ «ድፍርሱ ለከባድ ነርቭ፣ የጠራው ለቀላል ነው» ይል ነበር። ዋጋቸው አንድ ነው።

ሟች ሥራ ወዳድ ነበሩ። ሰኞና ሐሙስ ዶርዜ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ጨንቻ፣ በቀረው ቀን ደግሞ እዚሁ ቆላ። በተተረተረ ማዳበሪያ ላይ ይደረደራሉ፤ በግራቸው የኮሶ ትል የተዘፈዘፈበት ብልቃጥ፣ በቀኛቸው ባትሪው ሊያልቅ የደረሰ ሜጋፎን። ያ ብልቃጥ! ትሉ ከማን ሆድ እንደወጣ ማን ጠየቀ? ትልና ነርቭ ምን እንዳገናኛቸውስ? ዓይናችንን ተክለን ስናየው ሆዳችን መገለባበጥ ይጀምራል፤ ይህን ጊዜ አዟሪው «አየህ፣ አለብህ!» ይላል።

ከዚያ ዝርዝሩ ይቀጥላል። «እጅ እግሩን የሚያቃጥለው! ከተቀመጠበት ሲነሳ ዓይኑን የሚያጨልመው! ተኝቶ አድሮ ደክሞት የሚነሳ! ጨጓራ፣ ሪህ፣ ቁርጥማት፣ ኪንታሮት፣ ብርድ፣ አስም፣ ስኳር፣ ደም ብዛት! ትዳሩ የተናጋበት!» እዚህች ላይ ለጨዋነት ሲል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ሜጋፎኑ ግን ጨዋነት የለውም፣ የሙዝ ተራው ሁሉ ይሰማል። በአማርኛ ያለቀው በጋሞኛ ይደገማል፤ ከሶዶ የመጣ መንገደኛ ከታየ በወላይትኛ ይሠለሳል።

እንግዲህ የሟች ነውር ይኸው ነው። «ይህን እንኳ አልችልም» ያሉት በሽታ አልነበረም። ለወባስ? ለወባም። ለእባብ ንድፊያስ? ለእሱም። ለልጄ ትምህርት አልገባ ላለው? «ነርቭ ነው፤ በአንድ ሲኒ ጠዋት በባዶ ሆድ።» አንድ ጊዜ እንኳ አፍረው አንዲት በሽታ ለጤና ጣቢያ ቢተዉ ምን ነበረበት! ኪንታሮትን ወስደው ሪህን ቢያስቀሩ እናምናቸው ነበር። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ስስታም ነበሩ፤ የበሽታ ስስታም።

ሳያድኑ ሲቀሩስ? ጥፋቱ የሟች ሆኖ አያውቅም። «አረቄ ቀምሰሃል። ድልህ በልተሃል። ከሴት አልታቀብክም።» ልብ በሉ፤ ወንድነትን ሊመልስ የተገዛ መድኃኒት 40 ቀን ከሴት ታቀብ ይል ነበር። ስንቱ አባወራ በጸጥታ 40 ቀን ጾሞ፣ በ41ኛው ቀን ምን እንደሆነ ለማንም ሳይናገር ሌላ ጠርሙስ ገዝቷል። ስም አልጠራም፤ ወደ ኋላ አትደበቁ።

ሟች ዘር ማንዘራቸው የባሕር ማዶ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ጆርጅ ቢርድ እ.ኤ.አ. በ1869 የሥልጣኔ ሩጫ ያደከመውን ሰው ሕመም «የነርቭ መዛል» ብሎ ከሰየመው በኋላ፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ያልዛለ ነርቭ፣ የማያበረታ ጠርሙስ ጠፋ። በኤሌክትሪክ ነርቭ የሚያድስ መቀነት ተሸጠ። ኮካ ቅጠል የተዘፈዘፈበት ቪን ማሪያኒ የተባለ ወይን ለሮማው ሊቀ ጳጳስ ለሊዮን 13ኛ ቀርቦ የወርቅ ሜዳልያ ተቀዳጀ። እ.ኤ.አ. በ1886 አንድ የአትላንታ መድኃኒት ቀማሚ ለነርቭና ለራስ ምታት ብሎ የበጠበጠው፣ ዛሬ በየሠርጋችን በሳጥን የሚወርደው ጥቁር ለስላሳ ነው። የእንግሊዝ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1909 የእነዚህን መድኃኒቶች ምስጢር በመጽሐፍ አውጥቶ ሲዘረግፍ፣ አገር ያመነበት አንድ ክኒን እሬት፣ ዝንጅብልና ሳሙና ሆኖ ተገኘ። የእኛ ሟች ቢያንስ ሳሙና አልነበረባቸውም። ጠርሙሱን ያየ ሰው ይመሰክራል።

እኛ ግን ለምን ገዛናቸው? ሞኞች ስለሆንን አይደለም። ድካሙ የምር ነበርና ነው። ወባ ደጋግሞ የያዘው ሰው ይደክማል። ደም ያነሰው ይደክማል፣ ስኳር ያለበትም ይደክማል። ለድካማችን ደግሞ ጊዜ ሰጥቶ የሚያዳምጠን አልነበረም። በደጋው የጋሞ አባቶች ዘንድ የታመመ ሰው ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ «ማንን በደልህ? የትኛውን ነውር ደፈርህ?» ይባላል፤ የደፈረው ነውር፣ ጎሜ፣ ይዞት ይሆናልና ይናዘዛል፣ ይታረቃል። ጤና ጣቢያ ሲሄድ «ቀጣይ!» ይባላል። አቶ ሁሉ በጄ ጋ ሲቀርብ ግን አዟሪው ሜጋፎኑን አስቀምጦ፣ እጁን ይዞ፣ ዓይን ዓይኑን እያየ «ሌሊት ያስነሳሃል አይደል?» ይለዋል። የዋጋው ግማሽ ለዚህች ጥያቄ የሚከፈል ነበር።

አሁን ግን የማልስቅበትን ልናገር። ጎረቤታችን የዶርዜ ሸማኔ ነበር። እግሩ ያቃጥለው ጀመር፤ ውሃ ይጠማዋል፤ ሌሊት ሦስቴ አራቴ ለሽንት ይነሳል። ገበያ ወጥቶ ዝርዝሩን ሲሰማ «እጅ እግሩን የሚያቃጥለው» ተባለ፤ የራሱን ሕመም በሜጋፎን ሰማ፤ ነርቭ ነው ተባለ። እውነትም ነርቭ ነበር። ነርቩን የበላው ግን ስኳር ነው፤ ስኳርም እዚያው ዝርዝር ውስጥ፣ ከደም ብዛት ጎን ተጠርቶ ነበር። ሁሉን የሚጠራ ዝርዝር እውነተኛውንም በሽታ ይጠራልና፣ ሰውዬው የታወቀለት መስሎት ጠርሙሱን ታቅፎ ቤቱ ገባ። ክረምት ከበጋ ጠጣ። በመጨረሻ ደሙ ሲለካ የእግሩ ቁስል አጥንት ደርሶ ነበር። የሸማኔ እግር ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ መረገጫውን የሚጫወት ግማሽ ሙያው ነው። ያንን እግር አቶ ሁሉ በጄ አልቆረጡትም፤ ግን በባዶ ሆድ እያጠጡ ጊዜውን በሉት። አፈሩ ይቅለላቸው እላለሁ፤ በጣም እንዲቀል ግን አልለምንም።

ሟች ባደረባቸው ሕመም የራሳቸውን መድኃኒት ጠዋትና ማታ እየወሰዱ ቢቆዩም አልተሻላቸውም። የሞታቸው ምክንያት እርጅና አይደለም፤ ተገድለዋል። ገዳያቸው ዶርዜ አልወጣም፣ ማዳበሪያ አላነጠፈም። ስልክ ከፍቶ፣ ነጭ ጋውን ለብሶ፣ ከአንገቱ በታች ብቻ ታየና «ውስጥ መስመር አናግሩን» አለ። ዝርዝሩ ያው የሟች ዝርዝር ነው፤ ስርቆት ነው፣ ኪንታሮቱ እንኳ ቦታውን አልለቀቀም። በየጓሯችን የበቀለውን፣ ከኩርኩፋ ጋር የምንበላውን የሃላኮ ቅጠል አድርቆ፣ ፈጭቶ፣ እንክብል ውስጥ ከትቶ ለእኛው መልሶ ሸጠው። ሃላኮ ምግብ ነው፣ ካልሲየምም ፕሮቲንም አለው፤ ነርቭ አድሳለሁ ብሎ ግን ለማንም ቃል አልገባም። ዛፉ ከሻጩ ይልቅ ጨዋ ነው።

ይህ ሳያንሰው «የጥንካሬ ማር» አመጣ። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 እንዲህ ያሉ ማሮችን መርምረው፣ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሰጡትን ሲልዴናፊልንና ታዳላፊልን በድብቅ ተቀላቅለው አግኝተዋል። ናይትሬት የሚወስድ የልብ ሕመምተኛ ያንን ማር ቢልስ የደም ግፊቱ እስከ ሞት ሊወርድ ይችላል። የሟች ጠርሙስ ምንም ስላልነበረበት ገደለን፤ የዚህኛው ደግሞ የሆነ ነገር ስላለበት ይገድላል። ይህን እድገት ይሉታል!

ወገኖቼ፣ የአቶ ሁሉ በጄን ውሸት አልናፍቅም። የሚናፍቀኝ አዟሪው ፊት የነበረው መሆኑ ነው። ያታለለው ሰው በሚቀጥለው ገበያ መጥቶ አንገቱን ያንቀዋል፤ እሱም ይህን እያወቀ ይመጣል፤ ቀድሞ ከራሱ ጠርሙስ አንድ ጉንጭ ተጎንጭቶ ያሳያል። የሸማኔው ሚስት እዚያው ማዳበሪያው ላይ ቆማ ሰድባዋለች፤ እሱም አቀርቅሮ ሰምቷል።

እንደ ደንባችን በዳይ ዱቡሻ አደባባይ ላይ ይቀርባል፤ በደሉን በአፉ ይናገራል፤ ከዚያ ነው እርቅ። ሽማግሌዎቻችን ለዚህኛው ገዳይም አደባባዩን ቢዘረጉለት አይጠሉም። ግን ማን ብለው ይጥሩት? ስሙን በየሳምንቱ ይቀይራል፣ አድራሻው «መላው ኢትዮጵያ በነፃ እናደርሳለን» ነው፣ የበደለውንም ሰው «ደንበኛችን» ብሎ ከዘጋው ቆይቷል።