«ደረስን እኮ!»

ከአዳማ ተነስቶ ቁልቢ ገብርኤል በእግር ሲኬድ ምኑ ያደክማል ብትሉኝ ፀሐዩ አልላችሁም። ታኅሣሥ ነውና የሌሊቱ ብርድ አጥንት ሰርስሮ ይገባል፤ ከወለንጭቲ ወዲያ ደግሞ የቀኑ ፀሐይ አናት ይበሳል። እሱን ለምደነዋል። እግርም ይላጣል፣ ይደነዝዛል፣ ያልፋል። እኔን የጨረሰኝ ሰው ነው። የመንገድ ጓደኛ።

ከአዲስ አበባ የተነሱት አዳማ ላይ ሲደርሱብን እንደ ጀማሪ ነው የሚያዩን። የፍጥነት መንገዱ ለእግረኛ አይፈቀድምና በደብረ ዘይትና በሞጆ፣ በአሮጌው መንገድ ከሲኖትራክ ጋር እየተጋፉ መምጣታቸውን እንደ ገድል ይተርኩልናል። ይሁንላቸው።

ባለ ስፒከሩ ግን አይቻልም። ቦርሳው ላይ ጡብ የሚያክል ነገር አንጠልጥሎ ከንጋት ጀምሮ አንዱን መዝሙር ይደጋግመዋል። መዝሙር ማን ይጠላል! እኔ ግን ከገብርኤል ጋር ለብቻዬ የማወራው ነበረኝ። «ወንድሜ፣ እስቲ ትንሽ ዝቅ አድርግልን» ብለው «አይዟችሁ፣ ባትሪው ገና ሙሉ ነው» አለኝ።

ሌላው «ደረስን እኮ!» ባዩ ነው። ከአዳማ ቁልቢ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እሱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ከዚያች ጉብታ ወዲያ ነው» ይላል። መተሐራ አጠገብ የፈንታሌን ተራራ አሳይቶ «እሱን ካለፍን አለቀ» አለን። ፈንታሌ ደግሞ ቢሄዱ ቢሄዱ ከጎን የማይጠፋ ተራራ ነው። ከመተሐራ በኋላ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ ከዚያ የጭሮ ዳገት እንዳለ እያወቀ!

በሰቃ ሐይቅ ዳር ስንደርስ የብዙው ሰው ውኃ አልቋል። ሐይቁ እየሰፋ አውራ ጎዳናውንና የባቡር ሐዲዱን ሳይቀር ከፍ ያስደረገ ነው፤ ያ ሁሉ ውኃ ግን ጨዋማ ስለሆነ አይጠጣም። ታዲያ ዓይን ሁሉ የሚያርፈው የእኔ ሃይላንድ ላይ ሆነ። «አንድ ጉንጭ ብቻ።» የአሥራ ሁለት ሰው አንድ አንድ ጉንጭ ስንት እንደሚሆን እናንተ አስሉት።

ግራር ሥር ጫማዬን አውልቄ ተረከዜ ላይ ውኃ የቋጠረውን ሳይ አንዲት እናት አጠገቤ ቁጭ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ስለትህ ምንድን ነው?»

«እንዲያው ልሳለመው ነው እማማ።»

«አይ! ሚስት ነው አይደል?»

«ባለ ትዳር ነኝ እማማ።»

«እንግዲያው ልጅ ነው» አሉ፣ ጭኮዬን ቆረስ እያደረጉ። የሦስት ልጆች አባት መሆኔን ስነግራቸው ደግሞ በጣም አዘኑልኝ፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ለሐምሌ 19 እኔም አልቀርም። ክረምት ነው፣ ጭቃው በቂያችን ነውና እባካችሁ ስፒከሩን እቤት አስቀምጡት።