ጠመንጃውስ ይሁን፣ ወረቀቱ የታለ?

እኛ ሐዋሳዎች ጠመንጃ የሚገዛ ሰው ሊተኩስ ነው ብለን እናምናለን። ጠመንጃ ገዝቶ ወረቀቱን የሚያፈቅር ሰው ያየነው ገና ዘንድሮ ነው። ከኮሎራዶ ለእረፍት የመጣ የሰፈራችን ልጅ አሞራ ገደል ዓሣ ከበን እንደተቀመጥን ሲያስረዳን ዋለ። ያረጀ የአሜሪካ የአደን ጠመንጃ ይሰበስባል፤ ዊንቸስተር። አይተኩስበትም፣ ይወለውለዋል።

«ዋናው ብረቱ አይደለም፣ ታሪኩ ነው። ቁጥሩን ዋዮሚንግ፣ ኮዲ ከተማ ላለው ሙዚየም ትልካለህ። የፋብሪካውን መዝገብ ገልጠው መቼ ከመጋዘን እንደወጣ፣ በርሜሉ ክብ ይሁን ስምንት ማዕዘን፣ ጽፈው ይልኩልሃል።»

ጡረተኛው ሻምበል ዓሣቸውን ዳጣ እያስነኩ ነበር። «ምን እንደገደለስ?»

«እሱን አይጽፉም፣ ሻምበል።»

«ይሄማ የልደት ምስክር ወረቀት ነው! ታሪክ ያልከው የታለ?»

ልጁ አልተበገረም። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ የ1886 ሞዴል ዊንቸስተር 1.265 ሚሊዮን ዶላር በጨረታ መሸጡን ነገረን። ተከታታይ ቁጥሩ 1 ነው፤ የአፓቺውን ጀሮኒሞን አሳዶ እጁን ላሰጠው ለካፒቴን ሄንሪ ሎውተን የተበረከተ።

«ለጀሮኒሞ ስንት ደረሰው?»

ልጁ ዝም አለ። ጀሮኒሞ እ.ኤ.አ. በ1909 ፎርት ሲል ውስጥ የጦር ምርኮኛ እንደሆነ ነው የሞተው። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት የነበረው ቴዎዶር ሩዝቬልት ለአደን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጣ። ይዞት የመጣው ፎክስ ሾትገን እ.ኤ.አ. በ2010 በ862,500 ዶላር ተሸጠ። ሻምበል ይህንንም ሲሰሙ «ያን ያህል ካወጣማ የታደኑትም ወራሾች ድርሻቸውን ይጠይቁ» አሉ።

እዚህ ላይ እኔም ጣልቃ ገባሁ፤ ዝም ብሎ መብላት ለአምደኛ አይመችም። ባለታሪክ የአሜሪካ ጠመንጃ ፍለጋ ኮሎራዶ ድረስ ምን አስኬደህ? ሬሚንግተን ኒውዮርክ ውስጥ ኢልየን በምትባል ከተማ ተሠራ። የግብፁ ኬዲቭ እስማኤል ገዛው። በ1868 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ጉንደት፣ የካቲት መጨረሻ ላይ ደግሞ ጉራዕ ድረስ ወታደሮቹን አስይዞ ላከልን። አማካሪ እንዲሆኑም በርስ በርሱ ጦርነት ሲዋጉ የነበሩ የአሜሪካ መኮንኖች ቀጠረ፤ የደቡቡም የሰሜኑም፣ አገራቸው ላይ መስማማት አቅቷቸው እኛ ላይ የተስማሙ። አፄ ዮሐንስ ሁለቱንም ጊዜ ድል ነሱ፤ ሬሚንግተኑም ባለቤት ቀየረ። በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ጣሊያንን የጠበቀው የአባ ነጋ የራስ አሉላ ጦር እጅ ላይም ነበር።

«ደረሰኝ አለው?» አለ ልጁ፣ አሁን እሱም ተረቡ ገባው።

«አለው እንጂ» አሉ ሻምበል። «አሜሪካዊውን ጄኔራል ሎሪንግን ጠይቀው፤ ጉራዕ ላይ ነበር። አንድ እጁን ሜክሲኮ ጥሎ ነው የመጣው፤ በቀረችው እንዳይፈርምልን ወደ ምሽግ መግባቱ አስቸኮለው።»

እውነቱን ለመናገር የእኛ ሰው የጠመንጃውን ታሪክ የሚያስመዘግበው በፉከራ ነው። ዘራፍ ብሎ ይነሳል፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ጠመንጃውን ከማን እንደማረከ፣ ምን እንደጣለበት ለአገር ያስታውቃል። ምስክሩ ሰርገኛ ነው። ችግሩ፣ በመጀመሪያው ሰርግ አንድ የነበረው አንበሳ በሦስተኛው ሰርግ ሦስት መሆኑ ነው። ልጁ ይቺን ሲይዝ ደስ አለው፤ «ለዚህ ነው ወረቀት የምንለው!» አለ። ግን የጨረታ ቤት ካታሎግ ፉከራ አይደለም ያለው ማነው? እዚያም ያው ዘራፍ ነው፤ ልዩነቱ መነሻ ዋጋ አለው።

ከዚያ ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዋናውን ጉዳይ አመጣ። «ገጠር ወጥተን አንድ አሮጌ ብናፈላልግስ? ውጅግራም ቢሆን።»

«ታገኛለህ» አልኩት። «በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ ታወጣበታለህ። ከአገር ላስወጣው ካልክ ደግሞ የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 ይጠብቅሃል። ያለ ፈቃድ ቦሌ ከደረስክ ባለቤትነቱ ያኔውኑ በስምህ ይመዘገባል፤ አንተም አብረህ ትመዘገባለህ።»

አስቂኙ ነገር፣ ከገጠር የሚፈልገው ኮሎራዶ ቀድሞት ገብቷል። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ የአሜሪካ አስመጪዎች ከኢትዮጵያ መጋዘኖች ያረጁ ጠመንጃዎችን እየገዙ ወስደዋል፤ ውጅግራው፣ ካርካኖው፣ ሬሚንግተኑ ሳይቀር። ኢልየን ተሠርቶ፣ ግብፅን አይቶ፣ ጉራዕ ላይ ተማርኮ፣ ከመቶ ዓመት በላይ አቧራ ጠጥቶ፣ አሜሪካ ተመልሶ ገባ። እዚያ ሲደርስ ስለ ባለቤቱ የሚያውቅ የለም። ዝገቱ ይጻፋል፣ የሰደፉ ስንጥቅ ይጻፋል፤ ዘራፍ ያለበት ሰውዬ ስም ግን እዚሁ ቀርቷል። እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው። መሸጡስ ይሸጥ፣ አንድ ጸሐፊ አስቀምጦ «ይሄ የማን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ስንት ይፈጃል? ሻጩ ራሱ በእጥፍ ያተርፍ ነበር።

ልጁ ስልኩን አውጥቶ አንዱን አሳየን። ዴንቨር ገዝቶታል፤ ውጅግራ ነው፤ የተሰነጠቀው ሰደፉ በጠፍር ተጠፍሯል። «ይህ ጠገና ዋጋውን ቀንሶልኛል» አለ።

ሻምበል ስልኩን ተቀብለው አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት። «ቀነሰልህ? ይሄ እርጥቡን ተጠፍሮ እላዩ ላይ የደረቀ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ብረቱ ይሰበራል እንጂ ሰደፉ አይላቀቅም። የጠፈረው ሰው ሌላ መግዣ ያልነበረው፣ ይህን ግን ለማንም የማይሰጥ ነው። አባቴም እንዲህ ነው የሚጠፍረው።»

ልጁ ወንበሩን አስጠጋ። «ሻምበል፣ ይህንን በወረቀት ጽፈው ይፈርሙልኛል?»

«በነፃ? ቁጥር አንዱን በሚሊዮን ሸጣችሁ፣ የእኔን ፊርማ በአንድ ቆሮሶ?»

«በሁለት ይሁን።»

«አምባዛም ጨምር፤ ብዕር አምጡ!»