ሐተታ በእንተ ፋይንደር፤ በውጫሌ ከተማ የዲሽ መቃኛ መሣሪያ እንዴት እንደሚመረጥ

ሊቃውንተ ባሕረ ሐሳብ የፀሐይንና የጨረቃን አካሄድ ሰፍረው፣ አበቅቴውንና መጥቅዑን ቀምረው፣ ፋሲካ በየትኛው ቀን እንደሚውል ከወንበራቸው ሳይነሡ ሲናገሩ ኖረዋል። ከሰማይ ጋር የሚደረገው ሌላው ስሌት፣ ይኸውም ዲሽን ከሳተላይት ጋር የማስማማቱ ጥበብ፣ ወንበር የሌለው፣ በቆርቆሮ ጣራ ላይ ተቁሞ የሚፈጸም፣ ምስክሩም ከደጅ ሆኖ የሚጮኽ አንድ ሕፃን ብቻ የሆነ ጥበብ በመሆኑ፣ ሐተታ ሊጻፍለት ሲገባ ሳይጻፍለት ቀርቷል። ይህን ጉድለት በመጠኑ ለመሙላት፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በውጫሌ ከተማ፣ ባለሙያዎች ፋይንደር የሚሉት የዲሽ መቃኛ በምን ሕግና በምን ሥርዓት እንደሚመረጥ መርምረን የሚከተለውን ጽፈናል።

ስለ ውጫሌ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በይስማ ንጉሥ የተፈረመውን ውልና 17ኛውን አንቀጽ ሳያነሣ ብዕሩን እንደማያስቀምጥ እናውቃለን። እኛ ግን ነገሩ በታሪክ ሊቃውንት እጅ ያለ ስለሆነ፣ ደግሞም የከተማው ሰው እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህንኑ ሲሰማ የሚያሳየውን ትዕግሥት ስለምናከብር፣ አናነሣውም።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ያህል፣ እንግሊዛዊው አርተር ክላርክ በ1945 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚዞር አካል ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር፣ ከታች ሆኖ ለሚመለከተው ሰው ከቦታው ንቅንቅ የማይል ሆኖ እንደሚታይ አስረዳ። ኢትዮሳት የተባለው አገልግሎት በ2012 ዓ.ም. ሲጀመር የአገራችን ጣቢያዎች የተሰበሰቡበት ኤን ኤስ ኤስ 12 የተባለው ሳተላይትም፣ በ2009 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይ ጉያና ተተኩሶ፣ በዚሁ ሕግ መሠረት በምሥራቅ 57 ዲግሪ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ በላይ የቆመ ነው። ከዚያ በፊት አብዛኛው ዲሽ በምዕራብ 7 ዲግሪ ወዳለው ወደ ናይልሳት ያይ ስለ ነበር፣ የአገሩ ዲሽ ሁሉ በጥቂት ወራት ውስጥ ጀርባውን ወደ ምዕራብ ሰጥቶ ዞረ፤ ይህንንም ዘመን፣ ከግብጽ ሳተላይት የተመለሱበት ስለሆነ፣ ዘመነ ሚጠት ብንለው የሚከሰን ያለ አይመስለንም።

በዚህም ምክንያት በውጫሌ ሦስት አቅጣጫ ተለይቶ ይታያል። ቤተ ክርስቲያን ወደ ምሥራቅ ይመለከታል፤ መስጊድ ወደ ሰሜን ይመለከታል፣ መካ ከከተማዋ አንጻር በአንድ መስመር ወደ ሰሜን ናትና፤ ዲሽ ግን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያንጋጥጣል። ከሁለቱ አንጋፋ አቅጣጫዎች አንዱም ስለማይመራው የራሱን መሪ መፈለግ ግድ ሆነበት። ከፍታን በተመለከተ ሚጠቱ በረከት አምጥቷል፤ ናይልሳት ከአድማስ 35 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ በምዕራብ በኩል ስለ ነበር፣ ቤቱን ከተራራ ግርጌ ወይም ከጎረቤት ባሕር ዛፍ ሥር የሠራ ሰው ዲሹ ተራራውን ወይም ዛፉን ሲመለከት ይውል ነበር፤ የዛሬው ግን 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ የቆመ በመሆኑ፣ ባሕር ዛፍ ይቆረጥ አይቆረጥ በሚል በጎረቤቶች መካከል የነበረው ክርክር ያለ ሽማግሌ ተፈቷል።

ከመሣሪያ ሁሉ በዕድሜም በክብርም የሚቀድመው ልሳነ ሰብእ ነው። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከገባ በኋላ፣ አንቴና ከነምሰሶው ይዞር በነበረበት ዘመን የተጀመረ ሲሆን፣ አሠራሩም እንዲህ ነው፦ ዲሽ ሠሪው ከጣራ፣ እናት ከቴሌቪዥኑ ፊት ይሆናሉ፤ በሁለቱ መካከል፣ አንድ እግሩን ከደጅ ሌላውን ከቤት አድርጎ፣ ዕድሜው ከሰባት የማያንስ ከዐሥራ ሁለትም የማይበልጥ ልጅ ይቆማል። ከሰባት ያነሰ እንደሆነ ደስ ይበላቸው ብሎ ሁልጊዜ «መጣ» ይላል፤ ከዐሥራ ሁለት የበለጠ እንደሆነ ደግሞ ዲሽ ሠሪውን ማረም ይጀምራል። ከላይ «መጣ ወይ?» የሚል ድምፅ ይወርዳል፤ ልጁ ለእናቱ ያቀብላል፤ እናት ኳሊቲ የሚለውን መስመር አይታ ትመልሳለች፤ ልጁም የእናቱን ቃል በራሱ ዜማ አድርጎ ወደ ጣራ ይሰዳል።

የዚህ መሣሪያ ጉድለት ከጊዜ ጋር የተያያዘ ነው። ስድሳ ሳንቲ ሜትር ዲሽ የሚያየው የሰማይ ስፋት ከሦስት ዲግሪ ብዙ አይበልጥም፤ ይኸውም እጅን ዘርግቶ ለሚመለከት ሰው የሁለት ጣት ስፋት ያህል ነው። ሪሲቨሩ ሞገዱን ይዞ ምስል እስኪያወጣ ትንሽ ይቆያል፣ እናትም ምስሉን አምና እስክትናገር ትቆያለች፣ ልጁም እስኪያስተጋባ ይቆያል፤ በዚህ መካከል ዲሽ ሠሪው እጁ አላርፍ ብሎት ሁለቱን ጣት አልፎ ሄዷል። ስለዚህ «መጣ» የሚለው ምስክርነት ስላለው ነገር ሳይሆን ስለ ነበረው ነገር የሚሰጥ ነው።

«ሄደ» የሚለው ደግሞ ትርጓሜ ያሻዋል፤ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት መጻሕፍት አሰባስበው ካስተማሩበት ከሐይቅ እስጢፋኖስ ብዙም በማይርቅ ስፍራ ቃል ያለ ትርጓሜ ወድቆ አይቀርምና። ሄደ አለ፤ ሲግናሉ ሄደ ሲል ነው። አንድም መብራት ሄደ ሲል ነው፤ በዚህ ጊዜ ዲሽ ሠሪው እስከ ሠርክ ቢያዞር አያገኝም። አንድም ሲግናሉ ሳይሄድ ሪሞቱ ላይ የተቀመጠ ሕፃን ጣቢያውን ቀይሮት ሄደ ሲል ነው። አንድም እናት ቡናው እየገነፈለባት ወደ ጓዳ ስትገባ ልጁ የሚናገረውን አጥቶ፣ ዝም ከማለት ብሎ ሄደ ሲል ነው። ዲሽ ሠሪው ግን ይህን ሁሉ ትርጓሜ ከጣራ ላይ ሆኖ መለየት ስለማይቻለው፣ ለአራቱም አንድ መልስ ብቻ አለው። «አብሽሩ እትዬ፣ አሁን ይመጣል!» ይላል። እትዬም ከጓዳ ሆነው፣ «አንተ ልጅ፣ ከጧት ጀምሮ አብሽሩ ትላለህ፤ ይኸው ሊመሽ ነው፤ ወርደህ ቡናህን ጠጣ» ይላሉ። ቡናውን የሚጠጣው ሰው ሲወርድ ዲሹን በክርኑ የነካው እንደሆነ ሥራው ከመጀመሪያው ይጀመራል።

ከልሳነ ሰብእ ቀጥሎ የመጣው ባለቀስቱ ፋይንደር ነው። ይህ መሣሪያ መዳፍ የማይሞላ፣ ፊቱ ላይ ከ0 እስከ 10 የተቈጠረ መስፈሪያ፣ ከሥሩ አንድ ትንሽ ማዞሪያ ያለው ሲሆን፣ በአንደኛው ቀዳዳው ከዲሹ ፊት ሆኖ ሞገዱን ከሚቀበለው ከኤል ኤን ቢው፣ በሁለተኛው ከቤት ከሚመጣው ገመድ ጋር ይታሰራል። ባትሪ የለውም፤ ሪሲቨሩ ለኤል ኤን ቢው ከሚሰደው 13 ወይም 18 ቮልት ላይ ዐሥራቱን ወስዶ ይኖራል። ገመዱ ተገላብጦ የታሰረ እንደሆነ ዝም ይላል፤ በደንብ የታሰረ እንደሆነ ይጮኻል፤ ሞገድ ሲያገኝ አብዝቶ ይጮኻል። ጩኸቱ ከአራቱ ቅኝት ወደ የትኛው እንደሚቀርብ መጠየቅ፣ በስሙ ቅኝት በተሰየመለት በአምባሰል ምድር ተገቢ ስለመሰለን ጠይቀን ነበር። ትዝታም፣ ባቲም፣ አንቺሆዬም አይደለም ተባልን፤ አምባሰል ነው ለማለት ደግሞ አንድም የአምባሰል ሰው ፈቃደኛ ሆኖ አልተገኘም።

የባለቀስቱ ችግር ደግነቱ ነው። ከሰማይ የወረደን ኃይል ሁሉ ከየት መጣህ፣ የማን ወገን ነህ ሳይል ይቀበላል። በምሥራቅ 52.5 ዲግሪ ላይ የቆመው ያህሳት ከምንፈልገው ሳተላይት የሚርቀው አራት ዲግሪ ተኩል ብቻ ስለሆነ፣ ቀስቱ 9 ላይ ወጥቶ፣ ጩኸቱ ሰፈር ቀስቅሶ፣ ዲሽ ሠሪውም ፊቱ በርቶ ሳለ፣ ከታች ያለችው እናት የምታየው «ሲግናል የለም» የሚለውን ጽሑፍ ብቻ ይሆናል። ከዚህም የባሰ አለ። ዋነኛው የአገራችን ሞገድ ሆሪዞንታል የሚባለው፣ በአግድም የሚላከው ነው፤ ሳተላይቱ ግን ከውጫሌ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ምሥራቅ ገባ ብሎ ስለቆመ፣ እዚያ በአግድም የተላከው እዚህ ሲደርስ በስሌት ከ50 ዲግሪ በላይ ዘምሞ ይደርሳል። እንግዲህ ኤል ኤን ቢውም በማቀፊያው ውስጥ ያንኑ ያህል መጠምዘዝ ይገባዋል። በዚህ ረገድ ለምድር ወገብ የቀረበ አገር ከሩቅ ሰሜን አገር የባሰ ፈተና አለበት፤ ከአውሮፓ የመጣው የአገጣጠም ወረቀት ጥቂት ጠምዝዝ ሲል፣ ውጫሌ ከግማሽ ቀኝ ማዕዘን በላይ ትጠይቃለች። ይህን ያላወቀ ዲሽ ሠሪ ዲሹን በትክክለኛው ሳተላይት ላይ አድርጎ፣ ቀስቱንም ከፍ አድርጎ፣ ምስል አጥቶ ይውላል። ዕውቀቱ ያለው ደግሞ ቀስቱን ሳያይ ኤል ኤን ቢውን በእጁ ጠምዝዞ ይወርዳል፤ ምክንያቱን የጠየቁት እንደሆነ «ለምዶብን ነው» ይላል።

ስልክ ላይ የሚጫነውን አቅጣጫ ጠቋሚ በተመለከተ ብዙ አንልም፤ ከቆርቆሮውና ከብረት ምሰሶው አጠገብ ሲደርስ ሰሜንን ይረሳል።

ሦስተኛው ባለስክሪኑ ዲጂታል ፋይንደር ነው። ይህኛው ባትሪ አለው፣ ማንነትም ይጠይቃል፤ ፍሪኩዌንሲው 11105፣ ፖላሪቲው ሆሪዞንታል፣ ሲምቦል ሬቱ 45000 ነው ተብሎ ሲነገረው ያንን ብቻ ይሻል፣ ያህሳትንም እንዳላየ ያልፈዋል። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር ይታያል። ሌቭል የሚባለው የመጣውን ኃይል ብዛት፣ ኳሊቲ የሚባለው የመጣው ነገር የሚነበብ መሆን አለመሆኑን ይናገራል፤ ሌቭሉ ከፍ ብሎ ሳለ ኳሊቲው ባዶ መሆኑ የተለመደ ነው። የቤቱ ባለቤት ከትከሻ በላይ አንገቱን አስግጎ የላይኛውን ያነብና «ይኸው ሞልቶ የለም እንዴ» ይላል፤ ዲሽ ሠሪው የታችኛውን ያነብና «ገና ነው» ይላል። ሁለት ወገኖች አንዱን ሰሌዳ እያዩ የተለያየ ነገር ሲያነቡ በውጫሌ ይህ የመጀመሪያ አይደለም፤ ግን አናነሣውም ብለናል።

ወደ ምርጫው እንምጣ። ፋይንደር ለመግዛት ደሴ ድረስ የሄደ ሰው በሱቅ ውስጥ የሚያጋጥመው ፍልስፍናዊ ችግር፣ ሱቁ ጣራ ያለው መሆኑ ነው። ሰማይ በሌለበት ሰማይን የሚሰፍር ዕቃ እንዴት ይፈተናል? ስለዚህ ፈተናው በሌላ መንገድ ይካሄዳል። ገዢው «ኦሪጅናል ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሻጩም «ኦሪጅናል ነው» ይላል፤ በዚህ የምርጫው ሥርዓት ግማሽ ተፈጸመ። ቀጥሎ ገዢው ዕቃውን በእጁ ይመዝናል፤ የከበደው ይመረጣል። ከዚያም ከጆሮው አስጠግቶ ይነቀንቃል፤ ውስጡ የተንቀሳቀሰ ነገር ካለ ይመልሳል። በመጨረሻም ሻጩ ያበራዋል፤ ስክሪኑ ደምቆ ይታያል። በቀትር ፀሐይ ቆርቆሮ ላይ ሲወጣ ያው ስክሪን ጥላ ካላደረጉለት የማይነበብ መሆኑ የሚታወቀው ውጫሌ ከተመለሱ በኋላ ነው፤ ዲሽ ሠሪውን ነጠላ ተከናንቦ በጣራ ላይ ተንበርክኮ ያየ መንገደኛ ምን እንዳሰበ አልጠየቅንም።

አንድ ዲሽ ብቻ ያለው ሰው ለራሱ ፋይንደር የገዛ እንደሆነ አንድ ቀን ይሠራበታል፤ ከዚያ በኋላ መሣሪያው እንደ ዕድር ድንኳን ከቤት ቤት ሲዞር ይኖራል፣ ሲመለስም ባትሪው ያለቀ ነው። ሙያዬ ብሎ የያዘው ሰው ግን ዲጂታሉን ከመግዛት አያመልጥም፤ ምክንያቱም፣ በእኛ ግምት የዚህ ጥናት ዋና ግኝት ይህ ነው፣ ፋይንደር ከሳተላይቱ ይልቅ የሚሰፍረው የያዘውን ሰው ክብር ነው። በጩኸት የሚሠራው «አንተ ልጅ» ይባላል፤ ባለቀስቱን የያዘው በስሙ ይጠራል፤ ባለስክሪኑን በአንገቱ ያንጠለጠለው «ኢንጂነር» ይባላል፣ ሒሳቡም በዚያው ልክ ከፍ ይላል። ሦስቱም የሚያመጡት ምስል አንድ ዓይነት ነው።

ሆኖም ኢንጂነሩ ኳሊቲው 78 ነው ብሎ ከጣራ ቢያውጅ፣ ማንም ኪሱን አይነካም። እትዬ ከቴሌቪዥኑ ፊት ሆነው፣ የሚከታተሉትን ተከታታይ ድራማ የሚያሳየውን ጣቢያ አስከፍተው፣ ተዋናይዋን በዐይናቸው እስኪያዩ ድረስ ሥራው እንደ አልቀ አይቈጠርም፤ ያዩ እንደሆነም ቃሉን ወደ ጣራ የሚያደርሰው ያው ከደጅ የቆመው ልጅ ነው። ዲጂታሉም ተገዝቶ ልሳነ ሰብእ አልተሻረም።

ስለ ክረምት አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አይገባም። ይህ ሞገድ በ11 ጊጋ ኸርትዝ አካባቢ የሚመጣ ስለሆነ ዝናብ ይመጠዋል፤ በኅዳር ጥርት ያለ ሰማይ ሥር «በቂ ነው» የተባለ ኳሊቲ በሐምሌ የከሰዓት ዝናብ ይወርዳል፣ ምስሉም አደባባይ እንዳለ ዕብነ በረድ ድርቅ ይላል። በዚህ ጊዜ ፋይንደር ይዞ መውጣት ከንቱ ነው፣ ዝናቡ እስኪያባራ ቁጭ ማለት እንጂ። ብዙዎች ግን አይቀመጡም፤ ወጥተው ዲሹን ያዞሩታል፣ ዝናቡም ሲያባራ ሳተላይቱ በቦታው ይገኛል፣ ዲሹ ግን አይገኝም።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። አንድ ዲሽ ያለው ሰው ፋይንደር አይግዛ፣ ዲሽ ሠሪ ይጥራ፤ በሙያው የሚኖር ዲጂታሉን ይግዛ፣ ከነጠላው ጋር፤ ባለቀስቱን ቀድሞ የገዛ ሰው አይጣለው፣ ኤል ኤን ቢውን በእጁ ጠምዝዞ ካበቃ በኋላ ለጭማሪ ይመልከተው። በሦስቱም ግን ብሎን በሚጠብቅበት ሰዓት ዲሽ ከ13 ቁጥር ቁልፉ ጋር ተያይዞ በስውር የሚዞር ስለሆነ፣ የመጨረሻው ብሎን እስኪጠብቅ ድረስ ልጁ ወደ ሱቅ አይላክ።