ፈራሚው ፊልድ ናቸው

እናቴ ሥራ እንዳገኝ ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ ተስላለች። ሥራ ግን አለኝ። በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ ከኖርኩበት መሥሪያ ቤት በገዛ ፈቃዴ ለቅቄ፣ ንግድ ፈቃድ አውጥቼ በኮንትራት መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ገቢዬ፣ ሲከፈለኝ፣ ከደመወዜ ይበልጣል። ይህቺን “ሲከፈለኝ” የምትለዋን ያዙልኝ። እናቴ ግን ወር ጠብቆ የማይመጣ ገንዘብ ሎተሪ እንጂ ደመወዝ አይመስላትም። “ልጄ፣ ጠዋት ያልወጣ ሰው ማታ ከምኑ ነው የሚገባው?” ትለኛለች። መልስ አላገኘሁላትም።

ጎረቤቶቼም የእሷ ወገን ናቸው። ቤት መዋሌን ካወቁ ጀምሮ የሰፈሩ የቀን ተረኛ ሆኛለሁ። እኛ ዘንድ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ቀኑ ይታወቃል፣ ሰዓቱን አንድዬ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ የየቤቱ ጀሪካን በረንዳዬ ላይ ተደርድሮ ያድራል። የደንበኛዬን ትርፍና ኪሳራ ስደምር ቧንቧው መንፋት ከጀመረ ላፕቶፑን ጥዬ እሮጣለሁ። የእድራችን ዳኛ ደግሞ የድንኳኑን መጋዘን ቁልፍ አስረከቡኝ። “አንተ እኮ ቤት ነህ” አሉ። ለዚህች ይግባኝ የለም።

የሚያናድደኝ የሠራተኛ ሕጉን ማወቄ ነው። በአዋጅ 1156/2011 መሠረት ተቀጣሪ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት እንኳ 16 የሥራ ቀን እረፍት አለው፤ ቢታመም አንድ ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ሁለት ወር በግማሽ ደመወዝ ይተኛል። እኔ ክረምት ላይ ጉንፋን ጥሎኝ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ በአንድ እጄ ዳማከሴ እያሸተትኩ በሌላው የሰው ቫት ሳሳውቅ ነበር። ጡረታውም እንደዚያው ነው። ድሮ ከደመወዜ 7 በመቶ ሲቆረጥ እንዴት አማርር እንደነበር! አሠሪዬ የሚጨምርልኝን 11 በመቶ ግን አንድ ቀን አንስቼው አላውቅም።

አንድ ነገር ግን አትርፌያለሁ። ደመወዝተኛ ሳለሁ፣ ሥራ ያገኘ የአክስት ልጅ ሁሉ ዋስ ሁነኝ ብሎ ይመጣል፤ መሥሪያ ቤቴም ደመወዜን ጠቅሶ ደብዳቤ ይጽፍለታል። አንዱ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ተቀጠረና፣ እሱ እንዳይጠፋ ስጸልይ ነው የኖርኩት። ዛሬ የሚጠይቀኝ የለም። ደብዳቤውን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ማህተም የምመታው እኔው ራሴ ስለሆንኩ ማን ያምነኛል?

ማህተም ከተነሳ ወደ ክፍያው እንግባ። ለአንድ ድርጅት ሥራ ጨርሼ ካስረከብኩ በኋላ ገንዘቤን ልቀበል ሄድኩ። የንግድ ፈቃድና የቲን ኮፒ አምጣ ተባልኩ። ደግ ነው፤ በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ እነዚህን ለማያቀርብ ሰው ከፋዩ 30 በመቶ ቆርጦ ያስቀራልና ሮጬ አመጣሁ። ኮፒው ላይ ማህተም የለም ተባለ። ማህተሙን መትቼ ስመለስ ደረሰኙ ላይ የድርጅቱ ስም አንድ ፊደል ጎድሎታል። ሌላ ቆርጬ ስመጣ የፋይናንሷ ልጅ ቼኩን ከመሳቢያ አውጥታ አሳየችኝ። ስሜ አለ። ብሩ በፊደልም በአሃዝም አለ። አንድ ፊርማም አለ፤ ሁለተኛው የለም።

“ጋሼ፣ ፈራሚው ፊልድ ናቸው።”

“መቼ ይመለሳሉ?”

“እሱን እንኳ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት” አለችና ቼኩን መልሳ ቆለፈችበት።

የሄዱት ወደ ጅማ እንደሆነ ከጥበቃው ሰማሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ የጅማን የአየር ሁኔታ መከታተል ያዝኩ። ዝናብ ከሆነ ሆዴ ይረበሻል። አይቻቸው የማላውቃቸውን ሰው ጤንነት፣ የመኪናቸውን ጎማ፣ የምሳቸውን ሁኔታ ሳይቀር በየጠዋቱ ደውዬ እጠይቃለሁ። ለድሮ አለቃዬ እንኳ እንዲህ ተጨንቄላቸው አላውቅም።

ወደ ደመወዝ ትመለሳለህ ወይ ካላችሁኝ፣ አልመለስም፤ የመረጥኩትን ደንበኛ ይዤ፣ ያልወደድኩትን እምቢ ማለት ለምጄበታለሁ። ከእናንተ መካከል ቼክ የሚፈርም ካለ ግን፣ እባክዎ፣ ፊልድ ሊወጡ መኪናው ከመነሳቱ በፊት መሳቢያው ውስጥ ያለውን ይፈርሙ።