ሦስቱን ጉልቻ የማራራቂያ ምክሮች

ከወልዲያ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ መርሳ ይደርሳሉ፤ የሀብሩ ወረዳ መቀመጫ ናት። መንገድ ዳር ብርቱካን፣ ማንጎና ፓፓያ ተደርድሮ ይጠብቅዎታል። ወረዳው በምዕራብ ወደ ደጋው ይወጣል፣ በምሥራቅ ቆላ ለቆላ ወርዶ ከአፋር ይዋሰናል፣ በደቡብ የሚሌ ወንዝ ከደቡብ ወሎ ይለየዋል።

እንዲህ ባለ ወረዳ የመንግሥት ሥራ የሚሠራው በሦስት ወረቀት ነው። አንዱ ምን እንደሚሠራ ይናገራል፤ ዕቅድ እንለዋለን። ሁለተኛው በስንት ብር እንደሚሠራ ይናገራል፤ በጀት ነው። ሦስተኛው ምን እንደተገኘ ይናገራል፤ የአፈጻጸም ምዘና ነው። ድስት የሚጣደው በሦስት ጉልቻ ላይ ነውና አንዱ ጉልቻ ክንድ ያህል ከራቀ ድስቱ ይደፋል። የሚደፋው ወጥ የሕዝብ ነው።

ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ምክሮች ጉልቾቹን ለማራራቅ የሚበጁ ናቸው። እንዲፈጸሙ አልጻፍኳቸውም። ዕቅድ ሲነደፍና ሪፖርት ሲጠናቀር በተቀመጥኩባቸው ዓመታት ብዙዎቹ ሲፈጸሙ አይቻለሁ፤ አንዳንዶቹን በገዛ እጄ ጽፌ ለፊርማ አቅርቤአለሁ። ይህን የምለው ዛሬም ስለሚቆጨኝ ነው። ጥፋትን ደረጃ በደረጃ መዘርዘር ነገ ስንሠራው ራሳችንን እንድንይዝ ይረዳናል።

ምክር 1፦ ግቡን ከላይ ያውርዱት

ከወረዳው ሰው ጋር አይቀመጡ። ቁጥሩ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ ይውረድ፤ ወረዳው ደግሞ ለቀበሌዎች ያከፋፍለው። ደጋውም ቆላውም እኩል ሄክታር ይድረሰው። ቀበሌው «ይህን አልችልም» ቢል ቁርጠኝነት እንደጎደለው ይመዝገብበት። ለአፍ ዳገት የለውም እንዲሉ፣ ቁጥር ሲወርድ የሚያቆመው ገደል የለም።

ይህ የሚያሳዝነኝ እውቀቱ እዚያው ደጃፋችን ላይ እያለ ስለሚሆን ነው። የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ያለው ሀብሩ ውስጥ፣ በዚያው በወልዲያና በመርሳ መንገድ ላይ ነው። ዝናብ ለሚያጥርበት ቆላ የሚሆን፣ ቶሎ የሚደርስና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ላይ ሲደክም የኖረ ተቋም ነው። ለደጋና ለቆላ አንድ ዓይነት ግብ የሚሰጥ ዕቅድ ይህን ሁሉ ድካም እንዳልተደከመ ይቆጥረዋል። የአርሶ አደሩን የራሱን ዕውቀትማ ከመጀመሪያውም አይጠይቅም።

ምክር 2፦ ዕቅዱንና ገንዘቡን በተለያየ ቤትና በተለያየ ወቅት ያኑሯቸው

ዕቅድ የሚጽፈው ሰው በጀት የሚደለድለውን ሰው በስብሰባ ብቻ ይወቀው። በአገር ደረጃ ይህን ቤት ስንገጥምና ስንለያይ ኖረናል። በ1994 ዓ.ም የፋይናንስና የዕቅድ ሥራ ገንዘብና ኢኮኖሚ ልማት ሚኒስቴር በሚባል አንድ መሥሪያ ቤት ሥር ተጠቃለለ። ከዚያ ዕቅዱ ለብሔራዊ ፕላን ኮሚሽን ሆነ፤ በ2008 የሚኒስቴሩም ስም ተቀየረ። በ2014 ፕላንና ልማት ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ሆነ። መለያየቱ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ በሁለት ቤት የሚኖሩ ሰዎችም አብረው ይበላሉ። ጥፋት የሚሆነው አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳያነበው ሲቀር ነው።

ወቅቱን በተመለከተም እንዲሁ ያድርጉ። የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። የሰሜን ወሎ ሰማይ ግን የራሱ አቆጣጠር አለው፦ በልግ ከየካቲት ጀምሮ ይጠበቃል፣ ረጅም ጊዜ የሚፈልገው ማሽላ ሚያዝያ ላይ ይዘራል። በጀቱ ሐምሌ ጸድቆ፣ ድልድሉ ነሐሴ ወርዶ፣ ግዥው ሚያዝያ አልፎ ካለቀ ዘሩ የሚደርሰው እርሻው ካለፈ በኋላ ነው። ሪፖርቱ «ዘር ቀርቧል» ይላል፤ እውነቱንም ነው። ሲቀርብ ግን ማሳው አልጠበቀውም።

ምክር 3፦ በጀቱን ካምናው ይቅዱት

ዕቅዱን ሳይከፍቱ የዓምናውን በጀት ያውጡና በየሂሳብ መደቡ ትንሽ ትንሽ ይጨምሩ። የወረዳ ጥቅል በጀት በአማራ ክልልና በሌሎቹ ትልልቅ ክልሎች ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሲሰጥ ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ ሕዝቡ አጠገብ ያለው ምክር ቤት የራሱን ገንዘብ በራሱ ቅደም ተከተል እንዲደለድል ነው። ነገር ግን ደመወዝ መጀመሪያ ይወጣል፣ መውጣትም አለበት። ከደመወዝ በኋላ የሚተርፈው ሥራ ማስኬጃ እጅግ ቀጭን ነው። ዕቅዱ ከዚያ ቀጭን ገንዘብ ጋር ካልተያያዘ ደመወዙ ተከፍሎ ሥራው ይቀራል። የልማት ሠራተኛው ለሞተሩ ነዳጅ የለውም፤ ጤና ኬላው በር ላይ ሠራተኛዋ ተቀምጣለች፣ ጓንት ግን የለም።

የፌዴራል መንግሥት በ2004 ዓ.ም የፕሮግራም በጀት ሲጀምር ያሰበው ይህን ለማረም ነበር፤ ብሩ በደመወዝ፣ በነዳጅና በአበል ከመነበቡ በፊት «ለየትኛው ውጤት?» ተብሎ እንዲጠየቅ። ጥያቄው ወረዳ ድረስ ካልወረደ ግን አዲስ ቅጽ ሆኖ ይቀራል።

ምክር 4፦ ለመቁጠር የሚቀለውን ይቁጠሩ

የተተከለውን ይቁጠሩ፣ የጸደቀውን ይተዉት። የሠለጠነውን ይቁጠሩ፣ ሥልጠናው ምን እንደለወጠ አይጠይቁ። የጤና መድህን አባል የሆነውን ይቁጠሩ፤ አባሉ ታሞ ሲመጣ መድኃኒት ማግኘት አለማግኘቱን በሌላ ጊዜ ያዩታል።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሮ ዓለም ሰማ። ያን ቀን ሕዝቡ ዝናብ ሳይበግረው ጭቃ ለብሶ መዋሉ የሚያኮራ ነው። ሕዝብ እንዲያ ከተጋ የመንግሥት ድርሻ በቀጣዩ ግንቦት ወደዚያው ጉድጓድ ተመልሶ ችግኙን ማየት ነበር። ለሐምሌው ተከላ መጓጓዣና አበል በጅተን ለበጋው ጥበቃና ውሃ ማጠጫ ካልበጀን፣ ስንቱ እንዲጸድቅ እንደፈቀድን በበጀታችን ተናግረናል። ምዘናችንም የተተከለውን ብቻ ከጠየቀ የደረቀው ጥያቄ የሚያነሳለት የለም።

ምክር 5፦ ገንዘቡ ካለቀ ሥራው እንዳለቀ ይቁጠሩ

እስከ ሰኔ 30 ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ተመላሽ ስለሚሆን ግንቦት ማለቂያ ላይ ወንበር፣ ቶነርና ወረቀት ይግዙ፤ ያልተደረገ ሥልጠናም በሁለት ቀን ይጠናቀቅ። አንድ ሰኔ አመሻሽ ላይ፣ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት፣ የበጀት አጠቃቀማችን መቶ ሊደፍን ጥቂት ቀርቶት ተጨበጨበ። ከአንድ ቀበሌ የመጡ ሽማግሌ በዚያው ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ስለተቋረጠ የውሃ መስመር የሚያናግራቸው ሰው ይጠብቁ ነበር። ስንወጣ ተነሥተው እጅ ነሱን። ያ ሰላምታ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ይህ ምክር ትልቁንም ሥራ ያደናቅፋል። በ2003–2007ቱ የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ 2,395 ኪሎ ሜትር የባቡር መስመር ይሠራል ተብሎ ነበር። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወልዲያ አጠገብ እስከ ሐራ ገበያ የሚደርሰው 392 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር በ2007 ዓ.ም ተጀመረ፤ የቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርከዚ በ1.7 ቢሊዮን ዶላር የተዋዋለው ነው። ሐዲዱ ተዘረጋ፣ ዋሻው ተቦረቦረ፣ በመቶኛ የሚገለጽ ሪፖርት በየሩብ ዓመቱ ወጣ። ባቡሩ የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ግን የሌላ ተቋም ሥራ ነበረና አዋሽና ኮምቦልቻን የሚያገናኘው ክፍል ግንባታው ካለቀ በኋላም ኃይል ሲጠብቅ ቆመ። የወልዲያው ክፍልም ገንዘብ አጠረው። የሰሜኑ ጦርነት የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የመርሳ ማንጎ ዛሬም በአይሱዙ ይወጣል። የተለካው የተዘረጋው ሐዲድ በመሆኑ የተጓዘው ጭነት ዜሮ መሆኑ በሪፖርቱ ውስጥ ቦታ አላገኘም።

ምክር 6፦ ሲቸግር ስሙን ይለውጡ

ውጤት ሲጠፋ ምክንያቱን አይፈልጉ፤ አዲስ መሣሪያ ያስገቡ። የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራም ተጀመረ፤ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ መጣ፤ ቢ.ኤስ.ሲ የተባለው ሚዛናዊ የውጤት መለኪያ ተከተለ፤ በ2004 የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። በእያንዳንዱ ውስጥ እውነተኛ ጥበብ አለ፤ በቅንነት የሠሩበት መሥሪያ ቤቶችም ተጠቅመዋል። ችግሩ ሠራተኛው የሚሞላው ቅጽ ሲበዛና በቅጹ ላይ ያለው ነጥብ ከበጀቱ ጋር ሳይነካካ ሲቀር ነው። አባቶቻችን ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ያሉት ለዚህ ይሆናል። ጉልቾቹ ተራርቀው ሳሉ በአዲስ መለወጥማ ምን ይረዳል?

ምክር 7፦ ዓለም ሲገለበጥ መነሻዎን አይንኩ

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልዲያና መርሳ በጦርነት ውስጥ አለፉ። ጤና ተቋማትና ትምህርት ቤቶች ተዘረፉ፣ የመሥሪያ ቤት ሰነድ ጠፋ። ከዚያ በኋላ የሚጻፍ ዕቅድ የጦርነቱን ዋዜማ ቁጥር እንደ መነሻ ቢይዝ ሁሉም ስሌት ይሳሳታል። የፈረሰውን ማደስ እንደ አዲስ ዕድገት ይቆጠራል፤ ባዶ እጁን የቀረው ቀበሌም ሰነፍ ተብሎ ይመዘናል። እንዲህ ያለ ቦታ የመጀመሪያው ሥራ በእግር ዞሮ ያለውን መቁጠር ነው። ለዚያ ቆጠራ የሚወጣ ብር ከየትኛውም በጀት ቀድሞ ሊመደብ የሚገባው ነው።

ጉልቾቹን ማቀራረብ

መፍትሔው ከባሕር ማዶ እስኪመጣ መጠበቅ አያሻንም። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በፊንላንድ ድጋፍ የተሠራበት የውሃ ሥራ አሠራር አለ፤ ገንዘቡ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ለመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ይተላለፍ ነበር። ዕቃውን የሚገዛው፣ ሥራውን የሚያሠራው፣ ውሃው ከወጣ በኋላ የሚጠብቀው ያው ኮሚቴ ነው። ዕቅዱ፣ ገንዘቡና ምዘናው ውሃውን በሚቀዱ ሰዎች እጅ ስለሚገናኙ ማንም ለማንም «ይህ የኔ ክፍል አይደለም» ሊል አይችልም።

ከዚያም በፊት የወሎ ሰው ቅሬ የሚባል፣ ዕድር የመሰለ ማኅበር አለው። ቅሬ ምን እንደሚያደርግ አባሉ ሁሉ ያውቃል፤ ለዚያው ሥራ ያዋጣል፤ ሰው ሲሞት ድንኳኑ መተከሉን፣ ለቀስተኛው መስተናገዱን በዓይኑ ያያል። መዋጮው ኖሮ ድንኳኑ ከጠፋ የቅሬው ዳኛ በዚያው ቀን ይጠየቃል። «መዋጮው 98 በመቶ ተሰብስቧል» ብሎ ሐዘንተኛን የሚያጽናና ቅሬ የለም።

የወረዳ ምክር ቤት ሐምሌ ላይ በጀት ሊያጸድቅ ሲቀመጥ ይህንኑ የቅሬ ልማድ ይዞ ቢቀመጥ እመኛለሁ። አንድ የምክር ቤት አባል እጁን ያንሣና በእያንዳንዱ የሥራ መስመር ላይ ይጠይቅ፦ ይህ ብር ሲያልቅ በየትኛው ቀበሌ ማን ምን ያገኛል? ግንቦት ላይ እዚያ ሄዶ የሚያየውስ ማን ነው? መልሱ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ግንቦት ሲደርስ ቃለ ጉባኤው ይከፈትና የተባለው ሰው ይሂድ፤ ከዚያ ዛፍ ሥር የሚጠብቁትንም ሽማግሌ አስከትሎ ይሂድ።