ራጂው ስንት ነው?

የኮርሳ ብስክሌት ቸርኬ ከሦስት ነገር ይሠራል፤ መሐሉ ላይ የሚሽከረከረው ሞዞ፣ ዳሩ ላይ ጎማውን የሚይዘው ክፈፍ፣ ሁለቱን ወጥሮ የሚያስተሳስረው ራጂ። የብስክሌት ፋብሪካ ወጪ መቀነስ ሲያምረው እጁን የሚሰደው ወደዚህ ነው። ገዢ ቀለም ያያል፣ ማርሽ ይቆጥራል፣ ፍሬሙን በጥፍሩ ኳ ኳ ያደርጋል፤ ሞዞ አስከፍቶ ግራሶ የሚመረምር ግን የለም። ስለዚህ መካከለኛ ዋጋ ያለው ኮርሳ ጥንዱ 1,900 ግራም ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በሚመዝን ቸርኬ ላይ ቆሞ ይሸጣል። ባለቤቱ ጥቂት ወር ከነዳ በኋላ ዳገት ላይ ወደኋላ የሚያስቀረው ቸርኬው እንጂ እግሩ እንዳልሆነ ይደርስበታል። እግሩን የጠረጠረ ብስክሌተኛ እስካሁን አልተሰማም።

የቸርኬ ምክር በብዛት የሚጻፈው መንገዳቸው ለስላሳ ለሆነ አገሮች ነው። የሉማሜ መንገድ ግን ከእነዚህ አይደለም። ሉማሜ የአዋበል ወረዳ ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ደጀንን አልፎ ትገኛለች። በአንድ በኩል መንገዱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፣ በሌላ በኩል የጎጃም ደጋ ይዘረጋል። እዚህ ቸርኬ የሚመርጥ ሰው ቁልቁለትን፣ ጭቃን፣ አህያንና ሲኖትራክን አንድ ላይ ማሰብ አለበት።

ሻጭ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከክብደት ነው። 1,900 ግራሙን ቸርኬ በ1,500 ግራም የተካ ሰው 400 ግራም ይቀንሳል። ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ያለው አቀበት 1,300 ሜትር ያህል ሽቅብ ያወጣል። ሰውዬው ከነብስክሌቱ 80 ኪሎ ቢመዝን 400 ግራሙ ከጠቅላላው ግማሽ በመቶ ነው፤ አቀበቱን በአንድ ሰዓት ተኩል የሚወጣ ከሆነም ትርፉ 27 ሴኮንድ ይሆናል። ደጀን ላይ 27 ሴኮንድ ቀድሞ የደረሰ ሰው በጊዜው ምን እንደሚሠራበት ሻጩ አይናገርም፤ ሻይ እንኳ አይቀዳበትም። በጉልበት ሲሰላ ደግሞ 400 ግራም ያን ያህል ከፍታ ለማውጣት 1.2 ኪሎ ካሎሪ ይበቃል። ጡንቻ ከበላው ሩቡን ብቻ ወደ ሥራ ስለሚለውጥ ሒሳቡ 5 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይመጣል፤ አንድ ቁንጥር በሶ ማለት ነው። ቁንጥሯ በሶ ከቸርኬው እንደምትረክስ ማንም አይክድም።

ሻጩ በዚህ አይረታም። «የሚሽከረከር ክብደት እጥፍ ይቆጠራል» ይላል። ግማሽ እውነት አለው። ብስክሌት ፍጥነት ሲጨምር የክፈፉ ክብደት ወደፊትም ይሄዳል፣ ይሽከረከራልም፤ ስለዚህ እጥፍ የሚጠጋ ጉልበት ይጠይቃል። አቀበትን በአንድ ዓይነት ፍጥነት ለሚወጣ ሰው ግን ያው 400 ግራሙ ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው በየደቂቃው ቆሞ ለሚነሳ፣ ፍሬን ይዞ እንደገና ለሚስፈነጠር ነው። ከዚህ አንጻር በገበያ ቀን አህያና በግ ተሞልቶ የሚውል መንገድ ከዓለም አቀፍ ውድድር አይተናነስም፤ ሻጩ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ክርክሩን በቀላሉ ይረታ ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው ነፋስ ነው። ክፈፉ 50 ሚሊ ሜትር ያህል ሲጠልቅ አየሩን በቀላሉ ሰንጥቆ ያልፋል፤ ጥቅሙ በደንብ የሚታየው በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚነዳ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,446 ሜትር ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ክፈፉ ሊሰነጥቀው የተሠራው አየር አምስተኛው የለም ማለት ነው፤ ዋጋው ላይ ግን ቅናሽ አይደረግም። ከሣሣው አየር የተረፈው ደግሞ ከጎን ይመጣል። ሜዳው ላይ የሚነፍሰው ነፋስ፣ በተለይ ከባድ መኪና ጠርጎት ሲያልፍ፣ ጥልቁን ክፈፍ ይዞ ብስክሌተኛውን ወደ ሰው ጤፍ ያስገባዋል። 30 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ክፈፍ የፈለገ ሰው ምንም አይጎድልበትም።

ካርቦን ነው ወይስ አሉሚኒየም? መልሱ ያለው ከደጀን ወደ ድልድዩ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። 80 ኪሎ የሚመዝን ነገር 1,300 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት አንድ ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ይህ ሦስት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል፤ መንገዱ ግን ጠመዝማዛ ነው፤ አስፋልቱ በከባድ መኪና ጎብጦ ተሰርጉዷል፤ ስለዚህ ፍሬን በብዛት ይያዛል፣ የቀረውም ሙቀት ሆኖ ፍሬኑ ጋ ይቀራል። የፍሬን ላስቲኩ ክፈፉን በሚነክስበት ብስክሌት ሙቀቱ በቀጥታ ወደ ክፈፉ ይገባል። አሉሚኒየም ሙቀቱን ፈጥኖ ይበትነዋል። ርካሽ ካርቦን ይዞት ይቆያል፤ ክሮቹን ያጣበቀው ሙጫ ይለሰልሳል፣ ክፈፉ ይጣመማል፣ ካላማዳሪውም ይፈነዳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ገደሉ ዳር ነው። የዲስክ ፍሬን ላለው ብስክሌት ይህ ስጋት የለም፤ የሚቀረው የዋጋው ጉዳይ ነው።

«ታዲያ የዓለም ብስክሌተኞች ለምን ካርቦን ይነዳሉ?» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በእንዲህ ያለ ውድድር ላይ ከተወዳዳሪው ኋላ ትርፍ ብስክሌትና ቸርኬ የጫነ መኪና ይከተላል፤ ጎማ ሲተነፍስ መካኒኩ ዘሎ ወርዶ ይለውጣል። በሉማሜ መንገድም ከኋላ መኪና ይከተላል፤ ነገር ግን እህል ነው የጫነው፣ የሚያወጣውም ጡሩምባ ብቻ ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ገረመው ደንቦባ በመንገድ ውድድር 24ኛ ሲወጣ፣ ቡድኑም 9ኛ ሲሆን የካርቦን ክፈፍ የሚባል ነገር ገና አልነበረም።

ዋናው ጉዳይ ራጂው ላይ ነው። ቀላልና ውድ ቸርኬዎች ብዙ ጊዜ ፊት 20፣ ኋላ 24 ራጂ ይይዛሉ፤ ጥቂት ስለሆኑም እያንዳንዱ የሚሸከመው ጭነት ይከብዳል። ከእነሱ አንዱ ሲበጠስ ክፈፉ ወዲያው ወደ ጎን ይጎብጣል፣ ፍሬኑን ይነካል፣ ጉዞው እዚያው ያበቃል። ባለ 32 ራጂ ቸርኬ ላይ አንዱ ቢበጠስ የቀሩት ይሸፍኑለታል፤ ብስክሌተኛው በመጠኑ እየተወዛወዘ ማርቆስ ይደርሳል። ሌላው አደጋ የራጂው ዓይነት ነው። አንዳንድ ፋብሪካ ለራሱ ቸርኬ ብቻ የሚስማማ ጠፍጣፋ፣ ጫፉ ያልታጠፈ ራጂ ይሠራል። ይህን ይዞ ጎሚስታ ዘንድ የደረሰ ሰው የሚጠብቀው ውይይት የታወቀ ነው፤

«ጋሼ፣ ይኼ ራጂ ከየት ነው የመጣው?»

«ከጣሊያን።»

«እንግዲያው መለዋወጫውም ከዚያው ይምጣ።»

ስለዚህ የሚመረጠው ክብ፣ ጫፉ የታጠፈ፣ የማይዝግ የብረት ራጂ፣ ሦስት ጊዜ እየተጠላለፈ የታሰረ፣ ከክፈፉ ጋር የሚያስረው ዳዶም ከነሐስ የሆነ ነው። የአሉሚኒየም ዳዶ ጥቂት ግራም ይቀንሳል፤ ከሁለት ክረምት በኋላ ግን ከራጂው ጋር ተጣብቆ ቁልፍ ሲገባበት ይሰነጠቃል። ጥሩ ጎሚስታ ራጂውን የሚያጠብቀው በጆሮው ጭምር ነው፤ እንደ ክራር በጣቱ እየነካ በአንድ በኩል ያሉት ተመሳሳይ ድምፅ እስኪሰጡ ድረስ ዳዶውን ያዞራል፤ መጣመሙን የሚለካውም በራሱ በፍሬኑ ላስቲክ ነው። ጀማሪ ግን አንዱን ብቻ እያጠበቀ ክፈፉን እንቁላል ያስመስለዋል። የራጂ ቁልፍ በኪሱ ይዞ የሚዞር ጓደኛ የሚፈራውም በዚህ ነው።

ሞዞ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የተለቀቁ ጥይቶች በግራሶ ውስጥ የሚሽከረከሩበት ሲሆን በሁለት ጠፍጣፋ ቁልፍ ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ ተቀብቶ ይታሰራል። ሁለተኛው የታሸገ ኩሽኔት ያለው ነው፤ ሲያልቅ ተነቅሎ ሌላ ይገባለታል፣ ቁጥሩም ላዩ ላይ ስለተጻፈ ከኩሽኔት ሻጭ ይገኛል። የጎጃም ክረምት ሁለቱንም ያበላሻል። የመጀመሪያው ከመበላሸቱ በፊት ያጉረመርማል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ልክ የማይለካ ገዢ ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ነው። ሞዞው የሚገባበት የኋላው ሹካ ክፍተት ክፈፍ በሚነክሰው ፍሬን 130 ሚሊ ሜትር፣ በዲስኩ በብዛት 142፣ በቆዩ የብረት ኮርሳዎች ደግሞ 126 ነው። የኋላው ጥርስ የሚሰካበትም ይለያያል፤ የሺማኖ ባለ 11 ማርሽ መስኪያ ከባለ 8፣ 9 እና 10ው በ1.85 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። አሮጌው ጥርስ በአዲሱ ላይ ቀጭን ቀለበት ተጨምሮለት ይገባል፤ አዲሱ ግን አሮጌው ላይ አይገባም። ጎማም እንዲሁ ነው። የኮርሳ ጎማ 622 ሚሊ ሜትር ክፈፍ ላይ ይቀመጣል፤ የታወቀው ባለ 28 ኢንች ፎኒክስ 635 ይጠይቃል። ሁለቱም ሲታዩ ትልልቅ ክብ ናቸው፤ ስለዚህ በዓይን ለክቶ የገዛ ሰው ቤቱ ሲደርስ ጎማው እየወለቀ ያስቸግረዋል።

ስለ ቫልቭም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ኮርሳ ቀጭኑን ቫልቭ ይጠቀማል፤ የጎሚስታ መንፊያ የሚገጥመው ለመኪናው ቫልቭ ነው። መፍትሔው ከጥፍር የማትበልጥ የነሐስ ማጋጠሚያ ናት፤ ሁልጊዜ ከብስክሌቱ ጋር ታስራ መሄድ አለባት። ክፈፉን ከ6.5 ወደ 8.5 ሚሊ ሜትር በመሰርሰሪያ ለማስፋት የሚያቀርብ ደግ ሰው ይገኛል፤ ጠባብ ክፈፍ ይዳከማልና ደግነቱ በምስጋና ይመለሳል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መሞከር ያለበት ጎማው ነው። ስስና ልዝብ ጎማ ከፋብሪካው ደረቅ ጎማ ይልቅ በቀላሉ ይንከባለላል፤ ልዩነቱም ከላይ ከተሰላው 400 ግራም ይበልጣል፣ ዋጋው ደግሞ ከቸርኬ በብዙ ያነሰ ነው። ባለ 23 ሚሊ ሜትሩን ጎማ በ28 መተካት መንገዱ ላይ ያለውን ጉድጓድ አይደፍንም፤ አጥንት ላይ የሚደርሰውን ግን ይቀንሳል። የክፈፉ የውስጥ ስፋት 17 ወይም 19 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይስማማዋል። አንዳንድ የቆየ ፍሬም ግን ከ25 በላይ ስለማያስገባ መጀመሪያ በፍሬኑ ሥር ያለው ክፍተት ይለካል። ጎማውን ለውጦ፣ አሮጌውን ቸርኬ አስወጥሮ፣ ሞዞውን ግራሶ አስቀብቶ የነዳ ሰው ብዙ ጊዜ አዲስ ቸርኬ መግዛቱን ይረሳዋል።

ያልረሳው ሰው ቸርኬውን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሲያስመጣ ፖርቶ መጋላ ላይ እንዳይጫን ረዳቱን አደራ ይላል። ረዳቱ «ምን ይሆናል? ብረት አይደል!» ብሎ ሁለት ኩንታል ይደርብበታልና፣ ቢቻል ወንበር ተከፍሎለት እንደ ሰው ተቀምጦ ይምጣ። ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ከ100 እስከ 200 ኪሎ ሜትሮች ሲነዳ ራጂዎቹ ቦታቸውን እየያዙ ስለሚላሉ እንደገና ይወጠራሉ። የፊት ራጂ፣ የኋላ ግራና የኋላ ቀኝ ርዝመታቸው ስለሚለያይ ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ትርፍ ተገዝቶ በፕላስተር ፍሬሙ ላይ ይታሰራል፤ ስድስቱም ከጉዞው በፊት በየስማቸው ምልክት ይደረግባቸዋል።